ልጄ ያየው ፊልም

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ሌሊት በስልኩ «ኬን ፓርክ» የሚባል ፊልም ሲያይ ደረስኩበት። ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ እኔም ጀመርኩት፤ መጨረስ አልቻልኩም። አባቱ ጮኸበት፣ ስልኩንም ቀማው። ልጁ «እነሱ ቢያንስ ቤት ውስጥ ያለውን አይደብቁም» ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አያናግረንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መደንገጥዎ አይገርምም። ፊልሙ ለአዋቂም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በዓመቱ አውስትራሊያ እንዳይታይ ከልክላዋለች። ለ16 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ በዚህ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ።

ልጁ የተናገራት ነገር ግን ሳትሰማ ቀርታለች። ታሪኩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቫይሴሊያ የምትባል ከተማ ነው። ቤቶቹን ከውጭ ላያቸው ሰው ሁሉም ሰላም ይመስላል። ወጣቶቹን የሚጎዷቸው ግን በአብዛኛው የገዛ ቤታቸው አዋቂዎች ናቸው። አንዱ አባት ጠጪ ነው፤ ልጁን «ወንድ አይደለህም» እያለ ያዋርደዋል። ልጅዎ ይህን አይቶ «አይደብቁም» ካለ፣ የሚያወራው ስለ ፊልሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ወይም እንዲሁ የተከለከለ ነገር ስቦት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ማን አይስበውም? ስለዚህ ከመገመት መጠየቁ ይሻላል።

ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። አብራችሁ ስትሄዱ ወይም ዕቃ ስታጥቡ «ፊልሙን ጀምሬው ከብዶኝ ተውኩት። አንተን የትኛው ልጅ አሳዘነህ?» ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ። «ማንም» ካለ ይተዉት፣ ሌላ ቀን ይሞክሩ። ስለ አባቱ ካማረረ ደግሞ «ደክሞት እኮ ነው» ብለው አይከላከሉ። ያኔ ወሬው እዚያው ያበቃል።

አንድ ነገር ግን ለሌላ ቀን አይተዉ። ፊልሙ የሚጀምረው አንድ ልጅ ራሱን ሲያጠፋ ነው። «አንተስ መኖር ያስጠላህበት ጊዜ አለ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ብዙ ወላጆች ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብለው ይፈራሉ፤ መጠየቅ እንዲህ አያደርግም። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት። በዚያው ቀን ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።

ስልኩ ይመለስለት፣ ግን ደንብ ይውጣለት። ለምሳሌ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የማንም ስልክ መኝታ ክፍል አይገባም፤ የእናንተም ጭምር። አባቱ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ቢጠይቁት ጥሩ ነው፤ ስለ ክልከላው ግን አያስፈልግም። ባለቤትዎ እምቢ ካሉ ብቻችሁን ተነጋገሩበት እንጂ ልጁ ፊት አትከራከሩ።