ቀኑ የት ገባ?

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ፤ ኦዲተር ነኝ። አንድ ድርጅት የምር ምን እንደሚያስቀድም ማወቅ ስፈልግ የኃላፊውን ንግግር ትቼ ወጪውን አያለሁ። ግድግዳው ላይ «ለሠራተኞቻችን ሥልጠና ቅድሚያ እንሰጣለን» ተብሎ ተለጥፏል፤ መዝገቡ ሲገለጥ ግን ለሥልጠና የወጣው ለመስተንግዶ ከወጣው ያንሳል። ኃላፊው አልዋሸም፣ ከልቡ ነው የሚያምነው። ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላየም፣ በቃ።

እኔም በራሴ ቀን ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ሃምሳ ዓመቴን እንዳለፍኩ አንድ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩና መልስ አጣሁ። ስሮጥ ውያለሁ፣ ደክሞኛል፣ እጄ ላይ ግን የሚጨበጥ ነገር የለም። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ደብተር ገዝቼ ለአንድ ሳምንት በየግማሽ ሰዓቱ ያደረግኩትን ሳላሳምር ጻፍኩ፣ ከዚያም ደመርኩት። ዋና ሥራዬ ለምለው ነገር ሳልቋረጥ የሰጠሁት ጊዜ በሳምንት 4 ሰዓት አልሞላም። ስልኬን ስነካካ የሄደው በቀን 2 ሰዓት ነው። ከማንም በላይ እወዳታለሁ ለምላት እናቴ ደግሞ፣ በሳምንት 6 ደቂቃ፣ ያውም በስልክ።

ያቺ 6 ደቂቃ እስከ ዛሬ ታመኛለች።

2 ሰዓት ትንሽ ይመስላል። በ365 ስታባዙት ግን 730 ሰዓት ነው፤ ቀንና ሌሊቱን ቆጥራችሁ 30 ቀን ማለት ነው። በ10 ዓመት 10 ወር ገደማ። አንድ ሰው መጥቶ «ከዕድሜህ 10 ወር ስጠኝ» ቢለኝ አባርረው ነበር። በሁለት በሁለት ደቂቃ ሲወስደው ግን አላወቅኩም።

እንደ እኔ ጊዜያችሁ በስልክ ቢሄድ ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አልጭንም። ኸርበርት ሳይመን የሚባለው ሊቅ ገና እ.ኤ.አ. በ1971፣ መረጃ የሚበላው የሰውን ትኩረት ስለሆነ መረጃ ሲትረፈረፍ ትኩረት ይደኸያል ብሎ ነበር። ያኔ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በነፃ ከምትጠቀሙባቸው መተግበሪያዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ እናንተ በቆያችሁ ቁጥር የሚታየው ማስታወቂያ ይበዛል። የእናንተ ወጪ እነሱ ዘንድ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል። ለዚህ ነው ገጹ ወደ ታች ቢሳብ፣ ቢሳብ የማያልቀው።

ደግሞ የሚሄደው ደቂቃው ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ሰንጠረዥ እያመሳከርኩ መልእክት ለመመለስ ቀና አልኩ፤ ስመለስ አንድ መስመር ዘለልኩና ያቺን መስመር ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ጅምር ሥራ ትቶ ወደ ሌላ የሚሻገር ሰው ሐሳቡ በከፊል እዚያው የተወው ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። እኔ ከጥናቱ በፊት በሁለቱ ቀን ነው የተማርኩት።

አሁን ማታ ማታ ለነገ አንድ ነገር እጽፋለሁ። አንድ ብቻ። ረጅም ዝርዝር ሞክሬው ነበር፤ ቀላል ቀላሉን እየሰረዝኩ ደስ ሲለኝ ከባዱ ለወር ይከርም ነበር። ጠዋት ሥራ ስጀምር ስልኩ ሌላ ክፍል ይቆያል፣ 90 ደቂቃ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ከባድ ነው፤ እጃችሁ ብቻውን ኪሳችሁን ይፈልጋል። ታገሡት።

መዝናናት አትዝናኑ ማለቴ አይደለም። ፊልም ለማየት ወስናችሁ ካያችሁ ያ ጊዜ የእናንተ ነው፤ የሚያንገበግበኝ ማንም ሳይወስን የሄደው ነው። ደብተሩን አንድ ሳምንት ሞክሩት። ለማንም አታሳዩ፣ ብቻ አትዋሹበት።

እናቴ ጋ ስሄድ አሁን ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ ነው የምገባው። በቀደም ከአባቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተችኝ። «ይህን እኮ ነግረሽኝ አታውቂም» አልኳት። «ነግሬሃለሁ» አለችኝ፣ «ሁለት ጊዜ»።