የዋይፋይ ካሜራ ለቤትና ለሱቅ፦ ጥያቄና መልስ

የካሜራ ገጠማ ሥራዬ ነው። ቤት፣ ሱቅ፣ መጋዘን እገጥማለሁ፤ ሌላ ሰው የገጠመውንም እጠግናለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ ለመመለስ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ። መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? የቀዳውስ የት ይቀመጣል? እነዚህ ካልተመለሱ ስንት ሜጋፒክሰል ነው እያሉ መከራከሩ ትርፍ የለውም። እሺ፣ ጠይቁ።

ከሰሚት፦ ሻጩ “ገመድ አልባ ነው፣ ለጥፈኸው ትሄዳለህ” ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ስገባ አዳፕተር አለው። ተታልያለሁ?

ዕቃው ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ነው የተሳሳተው። ገመድ አልባ የሚባለው ምስሉ ወደ ራውተሩ በዋይፋይ ስለሚሄድ ነው። ኤሌክትሪክ ግን ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ 5 ወይም 12 ቮልት ናቸው። ስለዚህ ካሜራው የሚሰቀልበትን ቦታ ስትመርጥ በቅርብ ሶኬት መኖሩን አብረህ እይ። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ አዳፕተሩን ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አድርገው፤ ካሜራው አይፒ66፣ ማለትም አቧራና ውኃ የሚችል፣ ቢሆንም አዳፕተሩ ግን ውኃ አይችልም። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ እንዲንጠለጠል አድርግ፣ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። ክረምት ላይ ለጥገና የምጠራባቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ውኃ የገባባቸው በመስታወቱ ሳይሆን በገመድ መገጣጠሚያው በኩል ነው።

ከገርጂ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ካሜራው ይጠፋል። ጄኔሬተር ለመግዛት አቅሙ የለኝም፤ ምን ትመክረኛለህ?

ጄኔሬተር ምንም አያስፈልግህም። የራውተርህንና የካሜራህን አዳፕተር ገልብጠህ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ራውተሩ 12 ቮልት 1 አምፔር ቢል ቢበዛ 12 ዋት ነው፤ ካሜራው 5 ቮልት 1 አምፔር ቢል ቢበዛ 5 ዋት። በተግባር ሁለቱም ከዚያ ያነሰ ነው የሚጠቀሙት፤ ተደምሮ 10 ዋት አካባቢ በለው። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሹ ባትሪ ይበቃል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) የሚል ከሆነ ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 3 ሰዓት ያህል ያቆይሃል። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ትልቅ ባትሪ ግዛ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። የዩፒኤሱ መውጫ ቮልት ከራውተርህ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ለ9 ቮልት ራውተር 12 ቮልት ብትሰካ ታቃጥለዋለህ። ኢንተርኔትህ ፋይበር ከሆነና የፋይበሯ ሳጥን ከራውተሩ የተለየች ከሆነች እሷም ባትሪው ላይ መሰካት አለባት፤ አለበለዚያ ካሜራው ቢቀዳም አንተ ከስልክህ አታየውም። ሦስተኛው፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ከፍ ዝቅ ብዙ አዳፕተር ይፈጃል፤ ጥሩ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ተጠቀም።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው አጥሩ ላይ ነው ያለው። መጥፎ ሐሳብ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ከመርካቶ፦ 64 ጂቢ ሚሞሪ ስንት ቀን ይይዛል?

በምስሉ ጥራት ይወሰናል። ካሜራው በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚቀዳ ከሆነ በ24 ሰዓት 10.8 ጂቢ ይሆናል፤ ስለዚህ 64 ጂቢ ከ5 እስከ 6 ቀን ይሄዳል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 3 ቀን አይሞላም። ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል። ሴቲንግ ውስጥ ኤች.265 የሚል የቪዲዮ መጨመቂያ ምርጫ ካለ እሱን አብራ፤ ለተመሳሳይ ጥራት ከኤች.264 ግማሽ ያህል ቦታ ነው የሚወስደው።

ካርዱን ግን ከማንም ሰው አትግዛ። ላዩ ላይ 128 ጂቢ ተጽፎበት ውስጡ 16 የሆነ ሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጥበትና ፋይሎቹ መከፈታቸውን እይ። ቀንና ሌሊት ለሚቀዳ ካሜራ የተሠሩ ካርዶች ለብቻቸው አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ግን ይገባቸዋል።

ያው ከመርካቶ፦ ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ቢሄድስ? ካርዱ ውስጡ ነው እኮ።

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው። የበሩን ካሜራ ካርድ ብቻ አትመን። ኤንቪአር የሚባለውን መቅጃ ሳጥን ግዛና ከሱቁ ጀርባ፣ ዕቃ መደርደሪያ ውስጥ ቆልፍበት፤ ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ይላኩ። መጋዘን ውስጥ ወይም ኮርኒሱ ሥርም ይሆናል፤ ዋናው ሱቁ ከተቆለፈ በኋላ ማንም የማይደርስበት ቦታ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ቢያንስ ሁለት ካሜራ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት አድርገህ ስቀል፤ አንዱን የነቀለውን ሌላው ይቀዳዋል። ክላውድም፣ ማለትም ቅጂውን በኢንተርኔት ልኮ ሌላ ቦታ ማስቀመጡም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው። በሞባይል ዳታ ቀኑን ሙሉ ልላክ ካልክ ደግሞ አንዱ ካሜራ ብቻ በወር ከ300 ጂቢ በላይ ይበላል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲልክ አድርገው።

ከለቡ፦ ግቢው ሰፊ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ የውጭ በሩ 25 ሜትር ያህል ይርቃል፤ መሐል ላይ የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት አለ። ካሜራው ይቆራረጣል።

ቆርቆሮው ነው፣ እህቴ። ብረት ዋይፋይን አያሳልፍም፤ ብሎኬት ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ርቀቱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረውም።

መጀመሪያ ስልክሽን ይዘሽ ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቁሚ። የዋይፋዩን ምልክት እያየሽ ቪዲዮ ክፈቺ። ስልክሽ ከተንተባተበ ካሜራውም ይንተባተባል፣ እንዲያውም ይብሳል፣ አንቴናው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ካሜራው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ መሆኑን አረጋግጪ፤ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ የሚያልፈው እሱ ነው። ርካሾቹ ካሜራዎች 5ቱን ጭራሽ አያውቁትም፤ ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ካወጣቸው ሲገጠም “አልተገናኘም” እያለ ያስቸግራል። ለጊዜው 5ቱን አጥፍተሽ ካሜራውን አስገቢ፣ ከዚያ መልሰሽ አብሪው።

ኤክስቴንደር የሚባለውን የዋይፋይ ማራዘሚያ ከገዛሽ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አታድርጊ፤ ካሜራው አጠገብ አይሰካም። እዚያ ሲደርስ ምልክቱ ቀድሞ ደክሟል። ምልክቱ ገና ጠንካራ የሆነበት መሐል ላይ፣ ከቆርቆሮው ወጣ ብሎ በሩ የሚታይበት ቦታ ነው። የኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ ግን፣ አንድ የኔትወርክ ገመድ በአጥሩ ሥር በፕላስቲክ ቱቦ ወደ በሩ ይጎተት። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ 25 ሜትር ምንም አይደለም። አንድ ጊዜ ትደክሚበታለሽ፣ ከዚያ በኋላ ትረሺዋለሽ።

ከፒያሳ፦ ሱቄ ተሰርቆ ቅጂውን ስናየው ሰው መሆኑ ይታያል እንጂ ማን እንደሆነ አይለይም። ካሜራው “ፉል ኤችዲ” ነው ተብሎ ነበር።

አዝናለሁ፣ ወንድሜ። ካሜራው ፉል ኤችዲ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱ የአሰቃቀሉ ነው። የማታውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት በካሜራ ስታንዳርዱ መሠረት በ1 ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክሰል ያስፈልጋል። ፉል ኤችዲ ምስል በወርዱ 1920 ፒክሰል ነው። ለ250 ስታካፍለው 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ካሜራው ከዚያ የሰፋ ቦታ ከያዘ ፊት መለየት ይቸግራል። በብዛት የሚሸጠው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ሰፊ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ከ3 ሜትር ትንሽ ባለፈ ርቀት ላይ ይህን ስፋት ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ጥላ ነው። ባለ 4 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ 4 ሜትር ተኩል ያደርስሃል።

ስለዚህ አንዱን ካሜራ ለጠቅላላ እይታ ተወው፤ ሌላውን ሰው ሁሉ የግድ በሚያልፍበት፣ ለምሳሌ በሩ ወይም ሂሳብ መቀበያው ላይ፣ ከ3 ሜትር ባልራቀ ቦታ ስቀለው። ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ኮርኒስ ላይ ጥግ ድረስ ሲሰቀል የሚያየው ኮፍያና ፀጉር ነው። ቀጥታ ወደ በሩ ካዞርከው ደግሞ ቀን ላይ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን የገባውን ሰው ፊት ያጠቁረዋል፤ በጎን አዙረው፣ ደብሊውዲአር የሚል ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥን ምርጫ ካለውም አብራው።

ከአዳማ፦ ማታ ምስሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል።

የሸረሪት ድር ካለ ጥረግ፤ የካሜራው የሌሊት መብራት ነፍሳት ይስባል፣ ሸረሪቷም እነሱን ተከትላ ትመጣለች። ካሜራው በመስኮት መስታወት ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ የራሱ ብርሃን ተመልሶ ነው የሚያሳውረው፤ ወደ ውጭ አውጣው። ከጎኑ ነጭ ግድግዳ ካለም ትንሽ አርቀው።

ከቨርጂኒያ፦ ደሴ ላለችው እናቴ ካሜራ ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያው ልግዛ?

እዚያው ግዢ። ይዘሽ ከሄድሽ ግን አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን እዪ፤ አገር ቤት 220 ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ካሜራ የዋይፋይ ቻናል 12ንና 13ን አያይም፤ የእናትሽ ራውተር እዚያ ላይ ከተቀመጠ ካሜራው ዋይፋዩን ጭራሽ አያገኘውም፣ ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ይቀየርላት። ያለ ወርሃዊ ክፍያ የማይቀዳ ዓይነትም አትውሰጂ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባዶ ዕቃ ነው። ካርድ የሚገባበት ይሁን።

አካውንቱን በራስሽ ኢሜይል ክፈቺና ለወንድሞችሽ “ሼር” በሚለው ስጪያቸው፤ ፓስዎርድ አይታደል። ለእማማም ንገሪያቸው። የት እንደተሰቀለ፣ ማን እንደሚያያቸው ይወቁ። ሳሎናቸው ውስጥ ከመስቀል በሩና ግቢው ላይ ይበቃል።

ከአያት፦ ገጣሚው ካሜራዎቹን በራሱ ስልክ ነው ያስገባቸው፣ ለኔ “ሼር” አደረገልኝ። ችግር አለው?

አለው፣ በጣም። የካሜራው ባለቤት እሱ ነው ማለት ነው። ሳሎንዎን ማየት ይችላል፣ እርስዎን ማስወጣትም ይችላል። ዛሬውኑ ይደውሉለትና ከአካውንቱ እንዲያጠፋቸው ያድርጉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ካሜራ ሪሴት ብለው በራስዎ ስልክ ያስገቡ። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል፣ ግን ስልኩ ቢጠፋስ? እኔ ስገጥም ኪውአር ኮዱን የሚያነበው የባለቤቱ ስልክ ነው፤ ሌላውም ገጣሚ እንዲህ እንዲያደርግ ጠይቁ። አሮጌ ካሜራ ከሰው የሚገዛም እንዲሁ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት ያስጠፋው።

ከፋብሪካው የመጣውን ፓስዎርድም ይቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከ60 የሚበልጡ የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስዎርዶችን እየሞከረ ከመቶ ሺህ በላይ ካሜራዎች፣ መቅጃዎችና ራውተሮች ውስጥ ገብቶ ነበር። በጥቅምት ወር በእነዚህ ዕቃዎች በተከፈተ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አላወቁም።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፦ በሬ ላይ ብሰቅል ጎረቤት ይቆጣል? የቤት ሠራተኛዬስ?

ካሜራው የጎረቤትሽን በር የሚያይ ከሆነ ቢቆጡ እውነት አላቸው። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተቀመጠ መብት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ፣ የሰው ምስልም የግል ዳታ ነው። አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው። ብዙ ካሜራ የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ምርጫ አለው፤ የእነሱን በር ሸፍኚና ስልክሽ ላይ አሳዪያቸው።

ሠራተኛዋን በተመለከተ፣ ካሜራ እንዳለ ገና ስትቀጠር ይነገራት። የምትተኛበት ክፍልና መታጠቢያ ቤት ፈጽሞ አይሰቀልም፤ በዚህ አልደራደርም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝም አልገጥምም። ድምፅ መቅጃውንም አጥፊው።

ከሰበታ፦ የግንባታ ሳይት አለኝ፤ መብራትም ዋይፋይም የለም።

ሲም የሚገባበት ባለ ሶላር ካሜራ አለ። ግን እወቁት፦ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲያይ ነው የሚነቃው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ አይሰማውም፣ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶችም ያልፉታል። ስለዚህ ብረትና ሲሚንቶ የሚቀመጥበት ላይ እንጂ መላውን ሳይት ይጠብቃል ብለው አይስቀሉት። ፓነሉን በየጊዜው ከአቧራ ይጥረጉ። ሲሙን ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ሳይቱ ላይ ቆመው የትኛው ኔትወርክ እንደሚሻል በስልክ ይሞክሩ።

ከሐዋሳ፦ ቅጂ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ሰዓቱ አልገጠመም ተባልኩ።

ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ካሜራው 20:15 ሲል ከምሽቱ 2:15 ነው፣ 02:30 ሲል ደግሞ ከሌሊቱ 8:30። ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ 03/11 የሚለው በአንዱ ካሜራ ማርች 11፣ በሌላው ኖቬምበር 3 ማለት ነው። ለፖሊስ ስትሰጥ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ቀይረህ በወረቀት ጻፍለት። ሁለተኛው ይብሳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔት ካላገኘ አንዳንድ ካሜራ ሰዓቱን ይረሳና ከ1970 ይጀምራል። ሴቲንጉ የኢትዮጵያ ሰዓት በሆነው ጂኤምቲ+3 ላይ መሆኑን እይ፣ ከመብራት መጥፋት በኋላም ሰዓቱን አንዴ ቃኘው።

ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ነገሩ እንደተፈጠረ ካርዱን አውጣው ወይም ክሊፑን ወደ ስልክህ አውርድ። ካሜራው በጥቂት ቀን ውስጥ በላዩ ይቀዳበታል፤ ጉዳዩ መርማሪው ጋ እስኪደርስ አይጠብቅህም።