የአንባቢያን ጥያቄ፦ 13 ጎል የገባበት በረኛ

ጥያቄ፦ እንግሊዝ በሃንጋሪ በ1953 6 ለ 3፣ በ1954 ደግሞ 7 ለ 1 ስትሸነፍ በረኛው ጊል ሜሪክ ነበር። 13 ጎል የገባበት ሰው በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ እንዴት ዋንጫ አነሳ?

መልስ፦ ጎሎቹን ሁሉ በእሱ ላይ ማላከክ አይገባም። በ1953 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ሃንጋሪዎች 9 ቁጥር ለባሹን ሂዴግኩቲን ወደ መሀል ሜዳ ስበው አጫወቱት። የእንግሊዙ የመሀል ተከላካይ ሃሪ ጆንስተን ተከትሎት ሲወጣ ጀርባው ይከፈታል፤ ፑሽካሽና ኮቺሽ ይገቡበታል። ባይወጣ ሂዴግኩቲ ማንም ሳይደርስበት ይመታል። የመጀመሪያውን ጎል አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አስቆጥሮ በድምሩ 3 አገባ። ፑሽካሽ ኳሷን በጫማው ሶል ወደ ኋላ ስቦ የእንግሊዙ ተከላካይ ቢሊ ራይት በባዶ ከተንሸራተተ በኋላ የመታት ግን በረኛው ሊሸፍነው በሚገባው በቅርበኛው የጎል ቋሚ በኩል ነው ያለፈችው። ያቺን በሜሪክ ሒሳብ እንመዝግባት።

የባሰ የተወቀሰው በ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ኡራጓይ 4 ለ 2 ስታሸንፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብሔራዊ ቡድን አልተጠራም፤ በ23 ጨዋታ አበቃ።

በክለቡ በበርሚንግሃም ሲቲ ግን ሌላ ሰው ነበር። በ1947/48 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሲሆኑ በ42 ጨዋታ የገባባቸው 24 ጎል ብቻ ነው። ለክለቡ 551 ጊዜ ተሰልፏል።

በ1960 የዚሁ ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። በ1961 በፌርስ ካፕ (በአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን በኢንተር ሜዳ በሳን ሲሮም በራሳቸው ሜዳም 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ፍጻሜውን ሮማ ወሰደው (2 ለ 2፣ 0 ለ 2)። በ1963 የሊግ ካፕ (የእንግሊዝ ሊግ ክለቦች የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ የከተማ ባላንጣቸውን አስቶን ቪላን በራሳቸው ሜዳ 3 ለ 1 ረቱ። ኬን ሊክ 2፣ ጂሚ ብሉምፊልድ 1 አገቡ። የመልሱ ጨዋታ ያለ ጎል ተጠናቀቀ። ለበርሚንግሃም የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው፤ ምንም እንኳ ያኔ አንዳንድ ትልልቅ ክለቦች በውድድሩ ባይሳተፉም።

ዋንጫው ግን ሊጉን አልሸፈነለትም። በ1963ም በ1964ም ከ22 ክለቦች 20ኛ ወጡ። የሚወርዱት 21ኛውና 22ኛው ስለነበሩ ለጥቂት ነው የተረፉት፤ በ1964 ተሰናበተ።

ጥያቄ፦ ያ የሊግ ካፕ ፍጻሜ ለምን ዌምብሌይ ላይ አልተደረገም?

መልስ፦ እስከ 1966 ፍጻሜው በሁለቱ ክለቦች ሜዳ በደርሶ መልስ ነበር የሚካሄደው። ወደ ዌምብሌይ ገብቶ አንድ ጨዋታ የሆነው በ1967 ነው።

(ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)