አሥራት ያላወጣሁለት ሰዓት

ውድ ልጆቼ፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤት 34 ዓመት በሒሳብ ሙያ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤት ውስጥ ባልና አባት ነበርሁ፤ ቢሮ የክፍል ኃላፊ፤ ሰፈር የዕድር ጸሐፊ። ዘመድ ሲድር ደግሞ የሠርግ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያንም በሙያዬ ፈለገችኝና የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ሆንሁ። እምነቱን ያስቀደመ ሰው ቢፈለግ ከእኔ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር።

አንድ እሑድ የንስሐ አባቴ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ የዛሬው ምስባክ ምን ነበር?" አሉኝ። ምስባክ ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ነው። ዝም አልሁ። ወንጌሉስ ከየት ተነበበ? እሱንም አላውቅም። ከሙዳየ ምጽዋቱ የወጣውን ግን እስከ ሳንቲሙ መናገር እችል ነበር፤ ቅዳሴው ሲቀደስ እኔ ከጥግ ባለችው ክፍል ብር እደረድር ነበርና። የድምፅ ማጉያው ቅዳሴውን ጆሮዬ ድረስ ያመጣዋል፤ እኔ ቆጠራው እንዳይሳሳትብኝ መስኮቱን እዘጋለሁ። አባ አልገሠጹኝም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ አለፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እምነታችሁን የሚሻማው ክፉ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጠጥ ቤት ብውል ኖሮ ገና ድሮ በደነገጥሁ። እኔን ያዘናጋኝ የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ መኖሩ ነው። ማርታም የባከነችው በጌታ መስተንግዶ ነበር።

አሥራት በኩራት ሲባል ገንዘብ ብቻ ይታየናል። ከደመወዜ አሥራቱን ቀድሜ አነሣለሁ፤ "የተረፈኝን እሰጣለሁ" የሚል ሰው ምንም እንደማይተርፈው ሙያዬ አስተምሮኛል። በሰዓቴ ላይ ግን እንዲያ የሚለው ሰው እኔው ነበርሁ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋና ያን ጊዜ እጸልያለሁ እላለሁ፤ በማግስቱ ሐምሌ 1 አዲስ የበጀት ዓመት ይጀምራል።

ዳንኤልን ተመልከቱ። በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት 3 አለቆች አንዱ ነበር፤ ከእናንተ መካከል ይህን ያህል ሥራ ያለበት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ያም ሆኖ በቀን 3 ጊዜ ይንበረከክ ነበር። ጠላቶቹ ሰበብ ቢፈልጉበት ደግሞ በመንግሥት ሥራው እንከን አጡ። ይህችን ክፍል የምወዳት ባለጉዳይ አቁሞ ዳዊት የሚደግም ሠራተኛ ስለማውቅ ነው፤ ያ ሰው በእኔ ግምት በሁለቱም በኩል ይጎድላል። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያም በንጉሡ ጥያቄና በራሱ መልስ መካከል ጸለየ፤ ንጉሡን ግን አላስጠበቀም።

እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነው። ጠዋት ስልኬን ከመንካቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ እያዳፋኝ እንደሆነ አልደብቃችሁም። ከሠርግ ኮሚቴ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ያኮረፉኝ ዘመዶች አሉ። ለሰበካ ጉባኤውም ቆጠራው ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ብዬ አመለከትሁ። ምሳችን ይዘገያል ብለው ጥቂት ተከራከሩኝና ተስማሙ።

በቀጣዩ የቆጠራ እሑድ ሣጥኑ እንደ ተቆለፈ ቅዳሴው አለቀ። ምስባኩን በልቤ እየደጋገምሁ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ አባን ጠበቅኋቸው። አልጠየቁኝም፤ መስቀላቸውን አሳልመውኝ አለፉ።