ከውጭ ኩባንያ ጋር የጋራ ምርምር ከመፈራረም በፊት፦ መጀመሪያ አባሪውን እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እንጀራ ሳይሻግት ብዙ ቀን እንዲቆይ ከአንድ የአውሮፓ ኩባንያ ጋር ልትመራመሩ ነው። ረቂቅ ውል ልከውልሻል። አንቺ ደግሞ «ሃምሳ ሃምሳ መባሉ ያዋጣል ወይ? ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም በምግብ ማቀነባበር ከውጭ አጋር ጋር ዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ስለ ሃምሳ ሃምሳው አሁን አትጨነቂ። ያልተሠራ ምርት ትርፍ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት እያንዳንዳችሁ ይዛችሁ የምትገቡት እውቀት ነው። ይህ በውሉ አባሪ ላይ በዝርዝር ካልሰፈረ፣ የአንቺ የነበረው ነገር ቆይቶ «በጋራ ያገኘነው» ይባላል። የግድ በክፋት አይደለም። ሰው ይቀያየራል፣ የሚያስታውስ ይጠፋል።

የእኛ አጋሮች ገና ከጅምሩ እርሾ ላኩልን አሉ። «ለማየት ያህል ነው፣ ትንሽ ብልቃጥ ይበቃል።» የላብራቶሪ ኃላፊያችን እምቢ አለች። ልክ ነበረች። የሥራው ዋና ነገር ያለው እርሾው ውስጥ ነው። ባክቴሪያዎቹ አንዴ ተለይተው ማቀዝቀዣ ከገቡ በኋላ እኛን የሚፈልግ አይኖርም። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት፣ ማለትም እንደ እርሾው ባክቴሪያ ያለ ሕያው ነገር፣ ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ እስኪገኝ እሷ አባሪውን አዘጋጀች። የጤፉ ዓይነት፣ የማቡኪያው ሙቀት፣ ሊጡ የሚቆይበት ሰዓት፣ ሁሉም ከላብራቶሪ መዝገብ ላይ ተገለበጠ። የመዝገቡ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና የሁለት ሰው ፊርማ ነበረው። አጋሮቻችን ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጠበቃቸው ግን ደስ አለው፤ እነሱም የራሳቸውን ዝርዝር አያያዙ።

ድንበሩ የተሰመረ ሽርክና ዕድሜ አለው። የአየር መንገዳችንን 737 ማክስ አውሮፕላኖች ሞተር የሚሠራው ሲኤፍኤም የአሜሪካው ጂኢ እና የፈረንሳዩ ሳፍራን (ያኔ ስኔክማ) የጋራ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሃምሳ ሃምሳ ናቸው። የመጀመሪያው ሞተራቸው እምብርት የመጣው ለአሜሪካው ቢ-1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከተሠራው ሞተር ስለነበር፣ የአሜሪካ መንግሥት ቴክኖሎጂው ይወጣብኛል ብሎ ከልክሎ ነበር። በ1973 የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች ኒክሰንና ፖምፒዱ አይስላንድ፣ ሬይክጃቪክ ላይ ከተገናኙ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። እምብርቱን ጂኢ አገሩ ላይ ይሠራል፤ ፈረንሳዮቹ የፊቱን ማራገቢያና የዝቅተኛ ግፊቱን ተርባይን። የሚካፈሉት ገቢውን ነው፣ ወጪውን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይችላል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ደረሰኝ እያገላበጠ አይጨቃጨቅም። ይህን አከፋፈል በጣም እወደዋለሁ፤ ለትንሽ ድርጅትም ይሠራል። ደንበኛ ያገኙት ግን በ1979 ነው። ትርፉ ይቆያል ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ መውጫውን፣ ሽርክናው ቢፈርስ የሚሆነውን፣ እዪ። የጤፉን ጉዳይ ሳትሰሚ አትቀሪም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤችፒኤፍአይ ከሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረመች። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። የጤፍ ዱቄት ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) ግን እነዚያው ሰዎች ወዳሉበት ሌላ ኩባንያ ዞረ። የኢትዮጵያ ውል ከከሰረው ጋር ስለነበር ፓተንቱን ተከትሎ ሊሄድ አልቻለም። ፓተንቱ እዚያው ኔዘርላንድስ ውድቅ የተደረገው በ2018፣ ያውም ሁለት ኩባንያዎች በተካሰሱበት መዝገብ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አጋርሽ ቢሸጥ ወይም ቢከስር ያንቺ እውቀትና ናሙና ምን እንደሚሆን በግልጽ አስጽፊ። የእኛ አጋር መሃል ላይ በሌላ ኩባንያ ተገዛ። አዲሶቹ ባለቤቶች ፕሮጀክቱን አጠፉት። አንቀጹ ስለነበረን ናሙናዎቹ ተመለሱ፣ በጋራ ባገኘነውም አገር ውስጥ የመጠቀም መብታችን ጸና።

ክርክር ቢነሳ የት አገር ትዳኛላችሁ የሚለውንም ጠበቃሽ ይይልሽ፤ አውሮፓ ሄዶ መከራከር ኪስ ያራቁታል። ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ግን የራሳችሁን ዝርዝር ጨርሱ። ናሙና ከጠየቁሽ ፈቃዱና አባሪው ሲያልቅ እንደምትልኪ ንገሪያቸው።