ማዱራይ ለምትሄዱ፦ ስልካችሁንም አፋችሁንም በር ላይ አስቀምጡ

ዘመድ ለማሳከም ህንድ፣ ቼናይ የመጣችሁ፣ እዚያው ደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፈተና ሲያልቅ ወይም በሽተኛው ሲሻለው «እስቲ ማዱራይ እንሂድ፣ የሚናክሺን ቤተ መቅደስ እንይ» ይባላል። ማዱራይ እዚያው ታሚል ናዱ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሚናክሺ ደግሞ የሂንዱዎች እንስት አምላክ ናት። ሂዱ። ግን ሰምታችሁ ሂዱ።

1. ወረቀት። ቪዛችሁ ከ180 ቀን በላይ ከሆነ በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ ተመዝገቡ፤ ለሆቴሉም ፓስፖርት ያዙ። አለቀ።

2. መግቢያው። ከቼናይ የሌሊት ባቡር ያዙ፣ ጠዋት ማዱራይ ናችሁ። ቤተ መቅደሱ እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 6፡30 ገደማ ተዘግቶ እስከ 10 ሰዓት አይከፈትም። ብዙዎች በዚያ ፀሐይ ደርሰው አጥሩን እየዞሩ ይቃጠላሉ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ጫማ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግቢው ውስጥ ቃጠሎ ከደረሰ ወዲህ ስልክም ክልክል ነው።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ሚናክሺና ባሏ ሱንዳሬሽዋራር ወዳሉበት የውስጠኛው ክፍል አይገባም። ሲያስቆሟችሁ «ጥቁር ስለሆንን ነው» ብላችሁ አትጩሁ፤ ጀርመኑም ኮሪያዊውም እዚያው ነው የሚቆመው። እዚህ አገር ዘረኝነት የለም አልልም፣ ቤት ስትከራዩ ታዩታላችሁ። ይሄ ግን እሱ አይደለም። የእኛስ ምእመን ከመቅደሱ መጋረጃ ያልፋል እንዴ?

ደግሞም እዚያ በር ላይ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ቆሟል። የገዛ አገራቸው ሰዎች፣ በዘር ተዋረዱ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ዳሊቶችና ናዳሮች፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1939 ድረስ አይገቡም ነበር። በዚያ ዓመት ቫይድያናታ አየር የተባለ ብራህማን (ከላይኛው የካህናት ዘር የሆነ) ጠበቃ ይዟቸው ገባ። ጋንዲ እነሱ ሳይገቡ አልገባም ብሎ ቆይቶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው።

3. አፍ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በአማርኛ ስላወራችሁ ማንም የማይሰማ ይመስላችኋል። አሮጊቷ መሬት ላይ ተደፍታ ስትሳለም ከት ብሎ መሳቅ ምን ይባላል? ውጭ፣ ከደቡቡ የበር ግንብ ፊት ቆሞ «የሰይጣን ቤት» እያሉ ለቲክቶክ መቅረጽስ? ያ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1559 የተሠራ፣ 52 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከታች እስከ ላይ በምስል የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1311 የዴልሂ ሱልጣን የጦር አዛዥ የማሊክ ካፉር ጦር ከተማውን ከዘረፈ በኋላ ናያክ የተባሉት ገዢዎች ናቸው ቤተ መቅደሱን እንደገና ያቆሙት። ፈረንጅ ላሊበላ መጥቶ እንዲህ ቢያደርግ በዱላ ነበር የምትሸኙት!

አባቴን ሂሳብ ያስተማሩት የደቡብ ህንድ ሰው ነበሩ። በንጉሡ ዘመን እነዚህ ሰዎች አገራቸውን ትተው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። አባቴ እስኪያርፍ ስማቸውን «ጌታዬ» ሳይል አይጠራም ነበር። ይህን አገር ሳያይ መሞቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እናንተ አይታችሁት ትስቃላችሁ።

እምነታችሁን ተዉ ያለ የለም። ቀዩን ዱቄት፣ ኩምኩሙን፣ ሲሰጧችሁ ካልፈለጋችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ፤ ይገባቸዋል። ስትቀበሉም ስትሰጡም በቀኝ እጅ ይሁን። ወርቃማ ሎተስ በሚሉት ኩሬ ደረጃ ላይ ተቀምጣችሁ ሰዉን እዩ። መጀመሪያ ወደ ሚናክሺ፣ ከዚያ ወደ ባሏ ነው የሚሄደው፤ በዚህ ቤት እመቤቲቱ ትቀድማለች። የሺህ አምድ አዳራሹን አትለፉት፣ ቢቆጠር አምዱ 985 ነው። ማታ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት ሱንዳሬሽዋራርን በሸክም ወንበር ተሸክመው ወደ ሚናክሺ ክፍል ይወስዱታል፤ ሰልፉን ከውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል።

በየዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ የሁለቱ ሠርግ ይከበራል። ጎበዝ ከሆናችሁ ያኔ ሂዱ፤ በሽተኛ ይዛችሁ ግን በፍጹም፤ ከተማው ውስጥ መቆሚያ እንኳ አይገኝም።