አናት ሲሳሳ፦ ጥያቄና መልስ

አንዷ አንባቢ የሽንኩርት ጭማቂ ፀጉር ያበቅላል ወይ ትላለች። ጠባሳ በሆነ ቦታ ላይ ምንም አያበቅልም።

ሁለተኛዋ 38 ዓመቷ ነው። አናቷ ላይ ፀጉሯ መሳሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያቃጥላታል፣ ማበጠሪያ ሲነካት ያማታል። ጎረቤት «ቅቤ ተቀቢ፣ ሹሩባ አብዝተሽ ነው» ይላታል። እሷም ሻሿን አስራ እየጠበቀች ነው።

እህቴ፣ መጠበቁ ይብቃሽ! ከአናት ጀምሮ ዙሪያውን የሚሰፋ፣ በተለይ ጥቁር ሴቶችን የሚያጠቃ የፀጉር መርገፍ አለ። ብግነት (የቆዳው መቆጣት) የፀጉሩን ሥር ይበላና በምትኩ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ የሆነ ሥር ተመልሶ ፀጉር አያወጣም። ሕክምናው የቀረሽን ለማትረፍ ነው፤ የምትቆዪበት እያንዳንዱ ወር ከዚያ ላይ ይቀንሳል።

ጥፋቱንም ሁሉ ራስሽ ላይ አትጫኚ። ጠበቅ ያለ ሹሩባና ሂውማን ሄር ለጊዜው ይቅሩ፤ ይጎዳሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ፓዲ3 የሚባል ዘረመል ለውጥ እንዳለው አሳይቷል። የሠራሽው ሹሩባ ብቻውን አላመጣብሽም።

ሐኪሙ ናሙና ልውሰድ ካለሽ አትፍሪ። አደንዝዞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቆዳ ነው የሚወስደው። ከተመለጠው መሐል ሳይሆን ፀጉር ካለበት ዳር ይውሰድልሽ፤ መሐሉ ላይ ጠባሳ እንጂ በሽታው አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ብግነት የሚያበርድ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ በየጥቂት ሳምንቱ ራስ ቆዳ ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ፣ ለወራት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው። ዶክሲሳይክሊኑ እዚህ የሚሰጠው ብግነቱን እንዲያበርድ ነው፤ እርጉዝ ከሆንሽ ግን ተናገሪ። ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ማቃጠሉ ከቆመና ቦታው መስፋቱን ካቆመ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው፣ አዲስ ፀጉር ባይወጣም። አዲስ አበባ ካለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። እለምንሻለሁ።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇ ቆረቆር አብጦ መግል ይዟል፣ ነጭ ሽንኩርት እያሸሁለት ነው ትላለች። ሽንኩርቱን ተይው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ቆረቆር በሚቀባ ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እንዲህ ያበጠ ከቆየ ደግሞ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ሊተውበት ይችላል።

«ኢስታንቡል ሄጄ ፀጉር ላስተክል?» የሚል ወንድም አለ፤ እሱም ጠባሳ የሚተው ዓይነት ነው የተባለው። በሽታው ቢያንስ አንድ ዓመት ጸጥ ሳይል ከተተከለ አዲሱንም ሊበላው ይችላል። ገንዘብህን ያዝ፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪምህን ጠይቅ።

ዊግ ማድረግ ይጎዳል ወይ? ያልጠበቀ ከሆነ አይጎዳም። ሙጫ አትጠቀሚ፣ ማታ አውልቂው።